ስለ ሲሊኮን አስፋፊ፤ በመርጫ ውኃ ላይ ስለሚጨመረው ፈሳሽ ጥቅምና ጥንቃቄ የተጻፈ መግለጫ



ብራና የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የቆዳው ስብ በሚገባ ሳይወገድ የቀረ እንደ ሆነ ቀለሙ በብራናው ላይ እንደ ዶቃ ተሰብስቦ ይቆማል እንጂ ጠልቆ አይይዝም። በቄስ ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን እንዲህ ያለውን ብራና መልሰን እንድንፍቀው ያዙን ነበር፤ እኛ ግን ጥፋቱ የቀለሙ እየመሰለን ቀለሙን ስናወፍር እንውል ነበር። ጥፋቱ የገጹ ነበር። ዛሬ በእርሻ ላይ የምናየው ነገር ይህንኑ ይመስላል።

ዝናብ በጎደሬ ቅጠል ላይ ሲወርድ የተመለከተ ሰው፣ ውኃው ቅጠሉን ሳያርሰው እንደ ብር እንክብል ተንከባሎ ሲወድቅ አይቷል። የጥቅል ጎመንና የሽንኩርት፣ የስንዴና የገብስም ቅጠል ምንም እንደ ጎደሬው ባይሆን ሰም በመሰለ ስስ ልባስ የተሸፈነ ነው። ይህ ልባስ ተክሉ እርጥበቱን እንዳያጣና ሻጋታ እንዳይገባበት ከተፈጥሮ የተሰጠው ጋሻ ነው፤ ነገር ግን ገበሬው መድኃኒት በውኃ በጥብጦ በረጨ ጊዜ ይኸው ጋሻ መድኃኒቱንም እንደ ዝናቡ አንከባሎ ይጥለዋል። ገበሬውም «መድኃኒቱ ደካማ ነው» ብሎ በሚቀጥለው ጊዜ መጠኑን እጥፍ ያደርገዋል፤ ልክ እኛ ተማሪዎቹ እንዳደረግነው ማለት ነው።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ይሆናል ተብሎ በመድኃኒት መሸጫ ቤቶች በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጥ ፈሳሽ አለ። ሻጮቹ «አስፋፊ» ወይም «አጣባቂ» ይሉታል፤ አንዳንዱም «ይህ እኮ ሳሙና ነው፤ ማንንም አይጎዳም» እያለ ይሸጠዋል። ይህ አባባል እውነት አይደለም፤ ይህንንም ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ይኸው አባባል ነው። ከእነዚህ ፈሳሾች መካከል ኃይለኛው፣ ሲሊኮንንና ካርቦን ያለበትን ሌላ ነገር በማዋሐድ የሚሠራው ነው። እርሱም በልክና በጊዜው ከተያዘ እጅግ የሚጠቅም፣ ያለ ልክ ከተያዘ ግን ገንዘብንም ሰብልንም የጎረቤትንም ቀፎ የሚያጠፋ በመሆኑ፣ ምንነቱን በመጠኑ እንገልጻለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ነገሩ አመጣጥ

አስቀድሞ ሁለት ስሞች እንዳይደባለቁ ያስፈልጋል። ሲሊከን በአሸዋና በባልጩት ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው፤ በምድር ቅርፊት ውስጥ ከኦክሲጅን ቀጥሎ የሚበዛው እርሱ ነው። ሲሊኮን ግን የሰው እጅ ሥራ ነው። ንጹሑን ነጭ ድንጋይ ከከሰል ጋር በኤሌክትሪክ እቶን አቅልጠው ሲሊከኑን ለብቻው ያወጡታል፤ ከዚያም ዱቄት አድርገው፣ ሜቲል ክሎራይድ ከተባለ ጋዝ ጋር፣ መዳብ እያገዘው፣ በ300 ዲግሪ ያህል ሙቀት ያዋሕዱታል፤ የተገኘውንም በውኃ ሲያፈርሱት ሲሊከንና ኦክሲጅን እየተፈራረቁ እንደ ሰንሰለት የተያያዙበት ነገር ይወጣል። በሰንሰለቱም ግራና ቀኝ ካርቦንና ሃይድሮጅን የያዙ ትንንሽ ቅርንጫፎች ተሰክተውበታል። እንግዲህ ነገሩ ከውስጥ ድንጋይ፣ ከውጭ ዘይት ነው ለማለት ይቻላል፤ ከድንጋዩ ሙቀትን መቻልን፣ ከዘይቱ ልስላሴን ወርሷል።

ስሙን ያወጣለት በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም የኬሚስትሪ መምህር የነበረው ፍሬድሪክ ኪፒንግ ነው። ይህ ሰው ከ1899 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ 40 ዓመት ያህል በዚህ ነገር ላይ ደከመ፤ በ1937 ዓ.ም. ስለ ሥራው ንግግር ባደረገ ጊዜ ግን ነገሩ ለኑሮ የሚጠቅም ፍሬ ይሰጣል የሚል ብዙ ተስፋ እንደሌለው ተናገረ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1940 ዓ.ም.፣ ዩጂን ሮኮው የተባለ የአሜሪካ ኬሚስት ከላይ የገለጽነውን በመዳብ የሚሠራውን መንገድ አገኘ፤ በጀርመን አገር ሪቻርድ ሙለር የተባለውም፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ በዚያው ዘመን ያንኑ አገኘ። ወዲያውም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን ሞተር እሳት ማስነሻ እርጥበት እንዳይገባው ለመሸፈኛ ተፈለገ፤ በ1943 ዓ.ም. ዳው ኮርኒንግ የተባለ ኩባንያ በአሜሪካ ለዚሁ ሥራ ተቋቋመ። አንድ ሰው ዕድሜውን የሰጠበትን ሥራ ፍሬ አይኖረውም ብሎ ሊተው በተቃረበበት ጊዜ ፍሬው ደጅ ላይ ቆሞ መገኘቱ የሚያስገርም ነው።

ዳሩ ግን ንጹሑ ሲሊኮን ውኃን ይሸሻል። ከውኃ ጋር ሊበጠበጥ ስለማይችል ብዙ ሥራ ላይ ሊውል አይችልም ነበር። ስለዚህ ኬሚስቶቹ ፖሊኢተር ከተባለ፣ ውኃን ከሚወድ ካርቦናዊ ሰንሰለት ጋር በፕላቲኒየም አጋዥነት አጋቡት። ከፈረስና ከአህያ በቅሎ እንደሚወለድ፣ ከዚህም ጋብቻ ከሁለቱ ወላጆቹ አንዱም ብቻውን የማይሠራውን ሥራ የሚሠራ ነገር ተወለደ፤ አንደኛው ጎኑ ከውኃው፣ ሌላው ጎኑ ከሰሙ ጋር ይስማማል።

ይህ ወገን በንግድ ላይ የዋለው በመጀመሪያ በእርሻ አልነበረም። በ1950ዎቹ መጨረሻ የስፖንጅ ፍራሽ የሚሠሩ ፋብሪካዎች አረፋው ሳይረጋ እየወደቀ ሲያስቸግራቸው፣ ጥቂት የሲሊኮንና የፖሊኢተር ድብልቅ ቢጨምሩበት ዓይኑ እንደ ጥሩ እንጀራ ዓይን እኩል ሆኖ ቀረላቸው፤ ዛሬም በየቤቱ የምንተኛበት የስፖንጅ ፍራሽ ያለ እርሱ አይሠራም። ሲሊኮን ከፖሊስተር ጋር የተዋሐደበት ቀለም ለቤት ክዳን በሚሆን ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ላይ ይውላል፤ ፀሐይ ቶሎ እንዳያደበዝዘው ነው። ከአልኪድ ቀለም ጋር የተዋሐደው ለመርከብና ለብረት ሥራ ይሆናል። የጃፓን ሰዎች በ1970ዎቹ መጨረሻ ጫፉ ላይ ሲሊከን ያለበትን ፖሊኢተር ለሕንፃ ስንጥቅ መድፈኛ አወጡ። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ በዓይን ላይ የሚደረገው ስስ መነጽር አየር እንዲያሳልፍ ሆኖ ከዚሁ ወገን በሆነ ነገር ተሠርቶ ለገበያ ቀረበ። የፀጉር ሳሙናና ቅባትም አለ። ይህን ሁሉ መዘርዘራችን ነገሩ እንግዳ መርዝ ነው ብሎ የሚፈራ ሰው እንዳይኖር ነው፤ ነገር ግን ፍራሽ ውስጥ የረጋ ነገርና በአየር ላይ የሚረጭ ነገር አንድ አይደሉም።

በእርሻ ላይ የዋለው በዚህ ቤተ ሰብ ውስጥ ታናሹ ነው። ሰንሰለቱ አጭር ሆኖ ሦስት ሲሊከን ብቻ ይዟል፤ በመካከለኛው ላይ ስምንት ያህል ትንንሽ ቍራጭ ያለው የፖሊኢተር ጅራት ተተክሎበታል፤ ቅርጹም እጀታው ውኃ ውስጥ የተነከረ፣ ራሱ ወደ ላይ የቀረ መዶሻ ይመስላል። ከእነዚህ በጣም የታወቀው ሲልዌት ኤል-77 በሚባል ስም የሚሸጠው ነው። በኒውዚላንድ አገር በ1980ዎቹ ጎርስ የተባለውን እሾኻማ ቍጥቋጦ ለማጥፋት ግላይፎሴት ከተባለው የአረም መድኃኒት ጋር እየቀላቀሉ ረጩት። ጎርስ ከአውሮፓ ለአጥር ተብሎ መጥቶ የግጦሹን መሬት የወረሰ ተክል ነበር፤ መድኃኒቱ ብቻውን በሰማሙ እሾኽ ላይ እየተንከባለለ አልደፍር ብሎት የነበረውን በዚህ ረዳት ደፈረው።

በቅጠሉ ላይ የሚሠራው ሥራ

ውኃ ራሱን በራሱ እየሳበ ጠብታ የሚሆንበት ኃይል አለው፤ ሊቃውንቱ የገጽ ውጥረት ይሉታል። ይህ ውጥረት በሚለካበት መለኪያ ንጹሕ ውኃ 72 ያህል ሲሆን፣ የተለመደ አስፋፊ የተጨመረበት ወደ 30 ይወርዳል፤ የሲሊኮን ድብልቅ ከሺህ አንድ እጅ ብቻ ቢጨመርበት ግን ወደ 21 ይወርዳል። የቍጥሩ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ በዓይን ሲታይ ግን ትልቅ ነው። በሰማም ቅጠል ላይ የተቀመጠ ጠብታ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ ሳለ፣ በድንገት ተዘርግቶ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ይሆናል። ይህንን ያላየ አስተዳዳሪ አንድ የጥቅል ጎመን ቅጠል አስመጥቶ፣ በአንድ ወገን ንጹሕ ውኃ፣ በአንድ ወገን አስፋፊው የገባበትን ውኃ አንጠብጥቦ ቢመለከት ከብዙ ቃል ይልቅ ይረዳዋል።

ሁለተኛው ሥራው ከዚህ ይበልጥ ጥልቅ ነው። ቅጠል በዓይን የማይታዩ መተንፈሻ ቀዳዳዎች አሉት፤ እነዚህ በብርሃን ጊዜ ይከፈታሉ፣ በጨለማ ጊዜ አብዛኛውን ይዘጋሉ። ተራ ውኃ በጥበታቸው ምክንያት አይገባባቸውም። የሲሊኮን ድብልቅ ያለበት ውኃ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ ስለዚህም ከተረጨ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ዝናብ ቢመጣ መድኃኒቱ ታጥቦ አያልቅም። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ በሰዓታት ልዩነት በሚመላለስበት ደጋ አገር ይህ ጥቅም ትልቅ መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ነገር ግን በር የሚከፍት ነገር ለሁሉ ይከፍታል። ሰብሉን የማይጎዳው ወደ ውስጥ ስለማይገባ ብቻ የሆነ መድኃኒት አለ፤ ይህ ፈሳሽ ሲጨመርበት ገብቶ ለጋውን ቅጠል ሊያቃጥለው ይችላል። አረሙን ከስንዴው ለይቶ እንዲያጠፋ የተሠራ መድኃኒትም መለየቱ ሊቀር ይችላል። እንዲሁም በአንዳንድ የሣር ወገን አረም ላይ ከግላይፎሴት ጋር ሲደረግ መድኃኒቱ በቅጠሉ ልባስ በኩል የሚገባውን መንገድ ቀንሶ ሥራውን የሚያደክም ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ «ማናቸውም መድኃኒት ላይ ቢጨመር ይረዳል» የሚለው የሻጭ ቃል ልክ አይደለም፤ የመድኃኒቱ ጽሑፍ ጨምሩ ባላለበት ቦታ መጨመር አይገባም።

ስለ ልኩም እንዲሁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው ከመቶ 0.025 እስከ 0.1 ነው። ይህም 16 ሊትር በሚይዝ የጀርባ መርጫ ከ4 እስከ 16 ሚሊ ሊትር፣ 20 ሊትር በሚይዘው ከ5 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ የጠርሙሱ ጽሑፍ ከዚህ የተለየ ቢያዝዝ ግን የሚጸናው የጠርሙሱ ነው። አንድ ጊዜ በአንድ ወረዳ ስንዘዋወር አንድ ገበሬ በጠርሙሱ ክዳን ሳይሆን በሻይ ብርጭቆ እየለካ ሲያፈስ አየሁ። ለምን ብለው «በዝቶ ቢገባ በደንብ ይይዛል ብዬ ነው» አለኝ። ቅጠሎቹ እርጥብ ሆነው ያበሩ ነበር፤ ከሥራቸው ያለው አፈር ግን ከቅጠሎቹ ይልቅ ርሶ ነበር። ውኃው እጅግ ቀጥኖ ስለነበረ በቅጠሉ ላይ መቆየት አቅቶት ከጫፍ ጫፉ ይንጠባጠባል፤ አስፋፊ በልክ ሲሆን ያስፋፋል፣ ሲበዛ ያፈሳል። አስፋፊው በሚጨመርበት ጊዜ የሚረጨውም ውኃ ከተለመደው ማነስ ይገባዋል፤ በተለመደው ብዛት ከረጩት ትርፉ መሬት ይወርዳል።

ስለ አጨማመሩ ይህን እንጨምር፦ መርጫው በውኃ ሊሞላ ከቀረበ በኋላ መድኃኒቱ ይገባል፤ አስፋፊው ከሁሉ በኋላ ይገባል፤ ከዚያም ቀስ ተብሎ ይማሰላል። አስቀድሞ ገብቶ ውኃ በኃይል የተለቀቀበት እንደ ሆነ በአረፋ ይሞላል።

ስለ ውኃው

ከሁሉ ይልቅ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ነገር ውኃው ነው። የሲሊከንና የኦክሲጅን ሰንሰለት በሙቀት ጊዜ ጠንካራ ይሁን እንጂ፣ ውኃ ውስጥ ገብቶ ሳለ በአሲድም በአልካሊም ይፈርሳል። የአሲድና የአልካሊ ልክ ፒኤች በተባለ ቍጥር ይለካል፤ 7 መካከለኛው ነው፤ ከዚያ በታች ወደ ኮምጣጣው፣ ከዚያ በላይ ወደ አመድ ውኃ ባሕርይ ይሄዳል። ይህ ፈሳሽ በደኅና የሚቆየው ከ6 እስከ 8 ባለው መካከል ነው። ከ5 በታች ወይም ከ9 በላይ በሆነ ውኃ ውስጥ ግን ቶሎ ይፈርሳል፤ ከፈረሰም በኋላ በዓይን ሲታይ ያው ውኃ ነው፣ በቅጠል ላይ ሲረጭ ግን እንደ ተራ ውኃ ይንከባለላል። በዚህ ምክንያት የተበጠበጠው ሁሉ በዕለቱ ተረጭቶ ማለቅ አለበት። በአዲስ አሠራር ይህን መፍረስ የሚቋቋሙ አንዳንድ ዓይነቶች ወጥተዋል፤ ነገር ግን ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው።

በአገራችን ደጋ የምንጭና የወንዝ ውኃ በአብዛኛው ለዚህ አያሰጋም። በስምጥ ሸለቆ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሻላና የአቢያታ ሐይቆች ውኃ እጅግ አልካሊ መሆኑ የታወቀ ነው፤ በእነዚያ ውኃ የሚረጭ ሰው ባይኖርም፣ በዚያው አገር ከሚቆፈሩ ጕድጓዶች መካከል አልካሊ የሚበዛባቸው አሉ። እንዲህ ባለ ስፍራ መርጨት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ቀለሙን በሚለውጠው የመለኪያ ወረቀት ውኃውን ይመርምር። ወረቀቱ ርካሽ ነው፣ ንባቡም ከቅጽበት አያልፍም። ውኃው ከ8 በላይ ሆኖ ከተገኘ የእርሻ ባለሙያ ሳይጠየቅ ምንም አይጨመርበት፤ አንዳንዱ ሰው ሎሚ እየጨመቀ አስተካክላለሁ ሲል ወደ ሌላው ጫፍ ይወስደዋል።

በአንድ ስፍራ የሆነውን እነግራችኋለሁ፤ ስፍራውን መጥራት አያስፈልግም። በማኅበር የተደራጁ ገበሬዎች የስንዴ ዋግ ታየ ተብለው ከሰዓት በኋላ ትልቅ በርሜል መድኃኒት ከአስፋፊው ጋር በጠበጡ፤ ዝናብ መጣባቸውና ትተውት ሄዱ። ማግሥቱም የበዓል ቀን ስለነበረ በሦስተኛው ቀን ረጩት። ዋጉ አልቆመም። ገበሬዎቹ ነጋዴውን ከሰሱ፣ ነጋዴው አስመጪውን ከሰሰ፣ ጕዳዩም ወረዳ ድረስ ደረሰ። የበርሜሉን ውኃ ማን መረመረው? ማንም። ጠርሙሱን ያነበበ ሰው ቢኖር በጽሑፉ ውስጥ በዕለቱ እንዲጠቀሙ የታዘዘውን ያገኝ ነበር፤ ጽሑፉ ግን በእንግሊዝኛ ነበር፤ ፊደሉም እንደ ጭቅጭት ደቃቅ ነበር። እኔ በዚያ ክርክር ገበሬዎቹን ወይም ነጋዴውን ለመውቀስ አልደፍርም፤ ማንም በሚያውቀው ቋንቋ ያልነገራቸውን ነገር አላወቁም።

ስለ ንቦች

እስከዚህ የተናገርነው የገንዘብ ጕዳት ነው። የሚቀጥለው ግን የራስ ብቻ ሳይሆን የጎረቤትም ነው።

ይህ ወገን በብዙ አገር ሕግ እንደ መድኃኒት አይቆጠርም፤ መድኃኒቱን የሚረዳ «ሥራ የሌለው» ጭማሪ ተብሎ ስለሚያልፍ፣ መድኃኒት የሚመረመረውን ያህል ሳይመረመር ኖሯል። ሥራ የሌለው አለመሆኑን ግን ምርመራው አሳይቷል። እንደ ሸረሪት ምስጥ ያሉ ደቃቃን ፍጥረታትን ምንም መድኃኒት ሳይጨመርበት ብቻውን ይገድላል፤ ቅጠሉን የሚያርሰው ቀጭን ውኃ በመተንፈሻቸው ገብቶ እንደሚያሰጥማቸው ይታሰባል።

በካሊፎርኒያ አልሞንድ የተባለው የዛፍ ለውዝ በየካቲት ወር ሲያብብ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ቀፎ በጭነት መኪና ወደዚያ ይጓዛል፤ አበባው ያለ ንብ ፍሬ ስለማይይዝ ነው። በዚያው ጊዜ ዛፎቹ ላይ የሻጋታ መድኃኒት ከአስፋፊ ጋር ይረጫል። ንብ አርቢዎቹ ከአበባው ወራት በኋላ እጮቻቸው እየሞቱ ማየታቸውን ስለ ተናገሩ የፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጕዳዩን ያዙ። በ2012 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፣ የስኳር ውኃን ከሽታ ጋር አያይዘው እንዲማሩ የተደረጉ ንቦች፣ የሲሊኮን ድብልቅ በትንሹ ከቀመሱ በኋላ መማር እንደሚያቅታቸው አሳዩ፤ አበባውን በሽታው የማይለይ ንብ ደግሞ ቀፎውን መመገብ አይችልም። በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በተደረገ ሌላ ምርመራ፣ ከአሜሪካ ቀፎዎች በተወሰደው ሰም ሁሉ ይህ ወገን ተገኝቷል፤ ከተመረመረው የአበባ ዱቄትም ከመቶ 60 ያህሉ ነበረበት፤ በማሩ ውስጥ ግን አልተገኘም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ለንብ እጮች በምግባቸው ጥቂት አስፋፊ ከንግሥት እጭ ቫይረስ ጋር ቢሰጣቸው፣ የሁለቱ ጕዳት ለየብቻው ተደምሮ ከሚሆነው ይበልጥ እጮቹ እንደሚሞቱ ተገለጠ። እንዲህ ያለው ጕዳት ንብ በዕለቱ ሬሳዋ በቀፎው ደጅ ወድቆ የሚታይበት አይደለም፤ ቀፎው ቀስ በቀስ ባዶ ይሆናል፤ ባለቤቱም ምክንያቱን አያገኘውም።

ይህ የተገኘው በሌላ አገርና በሌላ ዛፍ ላይ ነው። ነገር ግን ኢትዮጵያ በአፍሪካ ውስጥ በማር ቀዳሚዋ አገር ናት፤ ሰምዋንም ከጥንት ጀምሮ ወደ ውጭ ትልካለች። በደጋው አገር ስንዴ ላይ ዋግ ወጥቶ መድኃኒት የሚረጭበት ጊዜ አብዛኛውን ከመስከረም እስከ ጥቅምት ይውላል። በዚያው ወር በማሳው ዳር አደይ አበባና መች ያብባሉ፤ ባቄላውም ያብባል፤ ጥቂት ቆይቶ ኑግ ይከተላል። የአገራችን ንብ አርቢ የዓመት ማሩን ተስፋ የሚያደርግበት ወራት ይኸው ነው። ቀፎውም በዛፍ ላይ የተሰቀለ የጭቃና የቀርከሃ ቀፎ ስለሆነ እንደ አሜሪካኖቹ በመኪና ጭኖ ሊሸሽ አይችልም። በ2009 ዓ.ም. የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 660 መውጣቱ የሚታወስ ነው፤ አዋጁ ግን በወረቀት ላይ ሆኖ ማሳው ዳር ያለውን ቀፎ የሚያስታውስለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ያም ሰው የወረዳው ሹም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ፤ ልንሸፍነውም አንፈልግም። ቅጠል መተንፈሻውን የሚከፍተው በቀን ነው፤ ንብም የምትሠራው በቀን ነው። አስፋፊው በቀዳዳ በኩል መድኃኒቱን እንዲያስገባ የሚፈልግ ሰው በጠዋት ይርጭ ቢባል ንቦቹ ላይ ይወርዳል። እንደኛ አስተያየት ከሆነ ነገሩን በሁለት መለየት ይሻላል። በክረምቱ መካከል አረም ለማጥፋት ሲረጭ፣ በማሳውም በዳርቻውም ያበበ ነገር ከሌለ፣ በቀን መርጨት ይቻላል። ከመስከረም ወዲህ ለዋግና ለሻጋታ ሲረጭ ግን መድኃኒቱ ቅጠሉን መሸፈኑ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃልና፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ንቦቹ ቀፎ ሲገቡ ይረጭ፤ መድኃኒቱም አስፋፊ ጨምሩ ካላለ በአበባ ወራት ሳይጨመር ይቅር። በዚህም ምክንያት የሚጎድል ጥቂት ጥቅም ሊኖር ይችላል፤ ባለ ስንዴው ይህን ጕድለት ቢሸከም ግን ከማሳው ዳር ያለው ድኻ ቀፎውን ከሚያጣ ይሻላል።

ስለ ረጪዎቹ ሰዎች

ይህ ፈሳሽ ቅጠልን እንደሚያርስ ጨርቅንም ያርሳል። የጥጥ ልብስ የለበሰ ረጪ ተራ ውኃ በልብሱ ላይ ቆይቶ የሚደርቅለትን ያህል ይህ አይቆይለትም፤ ወዲያው ወደ ገላው ይዘልቃል፤ የያዘውንም መድኃኒት ይዞ ነው። ዓይንን ያቃጥላል፤ እንደ ጉም ሆኖ በአየር ላይ ሲተነፈስም ይጎዳል፤ ወንዝና ኩሬ ውስጥ ለሚኖሩ ፍጥረታትም መርዝ ነው። ስለዚህ የሰፋፊ እርሻ ባለቤቶች ለቀን ሠራተኞቻቸው ውኃ የማያስገባ ካፖርት፣ የጎማ ጓንት፣ የዓይን መሸፈኛና የአፍንጫ መሸፈኛ ሳይሰጡ ይህንን ማስረጨት የለባቸውም። መርጫውም በሚታጠብበት ጊዜ ከብት ከሚጠጣበት ውኃ ይራቅ።

ግዢ የሚፈቅዱ ሹማምንት ከነጋዴው ዘንድ ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ፈሳሹ የሲሊኮን ድብልቅ ነው ወይስ ሌላ፣ በስንት ሊትር ውኃ ስንት እንደሚገባ፣ ከየትኛው መድኃኒት ጋርስ እንደማይስማማ። ይህንን በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ በትልቅ ፊደል ጽፎ በጠርሙሱ ላይ ለመለጠፍ ፈቃደኛ ካልሆነ፣ በርካሽ ቢያቀርብም አይገዛ። ከጠርሙሱም ጋር የተመለከተ መለኪያ ኩባያ ይምጣ፤ የሻይ ብርጭቆ ከቤት እንዳይወጣ።

የሚረጭበት ቀን ሲወሰን ቀፎ ላላቸው ሰዎች ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ይነገራቸው። ይህንንም በጽሑፍ ብቻ መለጠፍ አይበቃም። አንድ የማውቃቸው የወረዳ ሹም ወሬው በገበያ ቀን እንዲነገር፣ በእሑድም ከቅዳሴ በኋላ፣ በዓርብም ከስግደት በኋላ እንዲታወጅ ያደርጉ ነበር፤ ከዚያም የልማት ሠራተኛውን ልከው በማሳው ዙሪያ ያለውን ቀፎ ያስቆጥሩ ነበር። የተቈጠረው ቀፎ ባለቤት ስም በመዝገብ ይጻፍና፣ ከመርጨቱ ቀን በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ቀፎው እንዴት እንደ ሆነ ይጠየቅ ነበር። መዝገቡን አሳይተውኛል፤ በሁለት ረድፍ የተጻፈ ሆኖ፣ በአንዱ የተረጨው ማሳ፣ በሌላው የቀፎው ሁኔታ ነበረ። እንዲህ ያለውን መዝገብ ለመያዝ ደብተርና እርሳስ እንጂ ሌላ ወጪ አያስፈልግም፤ የሚያዘጋጅ ወረዳ ቢኖር ግልባጩን ወደ እኛ እንዲልክልን እንለምናለን።